ባዶ የቀሩት ሁለት መስመሮች

ጃንጥላዬን አጥፌ፣ የጽሕፈት መኪናዬን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ከተነሳሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ማንም አልሸኘኝም። መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ ኬክ ይቆረስልኛል፣ ካባ ይደረብልኛል፣ አለቃዬ ስሜን አሳስቶ ይጠራና ሰው ያጨበጭባል። እኔ ግን መንገድ ዳር የምሠራ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበርኩ። ሎተሪ አዟሪው ሽመልስ ብቻ ከረጢቱን አየና «ጋሽ ታደሰ፣ ነገ አይመጡም እንዴ?» አለኝ።

«ነገማ አልመጣም።»

«ታዲያ ቦታውን ልያዘው?»

ያዘው አልኩት። በማግስቱ ያዘው። የአርባ ዓመት ሥራዬ ስንብት ይኸው ነው።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ አስካለ ካረፈች ስድስት ዓመት አለፈ። ልጅ አልወለድንም፣ ወንድምም እህትም የለኝም። ያን ሁሉ ዘመን ሰው ከፊቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሆዱን ሲነግረኝ ኖሬ፣ አሁን ቀኑን ሙሉ የምሰማው የላይኛው ቤት ውሃ በቱቦ ሲወርድ ነው። አንዳንድ ቀን እስከ ምሳ ሰዓት ቃል ሳልተነፍስ እቆይና ድምፄ መኖሩን ለማወቅ ስል አስላለሁ። አይ ሰው መሆን!

ሥራውን ለምን ተውክ ለሚለኝ እጄ እየተንቀጠቀጠ አስቸገረኝ እላለሁ። ውሸት አይደለም። ግን ደንበኛው ቀድሞኝ ሄዶ ነበር። ከጃንጥላዬ አሥር እርምጃ ርቆ ሲሳይ የሚባል ጎልማሳ የኮምፒዩተር ቤት ከፈተ። ክሱም፣ ኑዛዜውም፣ የወራሽነት ማመልከቻውም ኮምፒዩተሩ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ስምና ቀበሌ መቀየር ብቻ ነው። «ጋሼ፣ አሁን እኮ ማሰብ ቀርቷል» ይለኝና ይስቃል። ሰውየው መጥፎ አይደለም፣ ሻይ ይጋብዘኛል። ግን ሰው ከፊቱ ቆሞ እያለቀሰ እሱ ስክሪኑን ሲያይ ሳገኘው ደሜ ይፈላል።

እኔን ሥራውን ያስተማረኝ መሪጌታ ጥበቡ ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ከአንድ መሥሪያ ቤት የታይፕ ሥራ ከአለቃዬ ጋር ተጣልቼ ወጣሁና እሱ ጃንጥላ ሥር ተጠጋሁ። ቀጭን፣ ነጭ ጥምጣም የማይለየው፣ ነገረኛ ሰው ነበር። ሕግ በትምህርት ቤት አልተማረም፣ የውርሱን ክፍል ግን እንደ ዳዊት በቃሉ ያውቀዋል። ክፍያው በገጽ ቢሆንም ነገር ማስረዘም አይወድም። ባለጉዳዩ መሐላና እርግማን ሲያዥጎደጉድበት «ይኼን ለንስሐ አባትህ፣ ለእኔ ቤቱ የማን እንደሆነ ብቻ» ይላል።

ኑዛዜ ሲጽፍ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። መጀመሪያ ዘመዱን ሁሉ ከክፍሉ ያስወጣል። ውርሱ የሚደርሰው ሰው ደግሞ በር ላይ እንኳ እንዲቆም አይፈቅድም፣ «ጓዳ ግባ» ነው የሚለው። ተናዛዡን ሦስት ጊዜ ያስደግመዋል፣ ሦስቱም ካልተመሳሰለ አይጽፍም። አንዲት ወይዘሮ ነበሩ፣ የመጨረሻው ሳምንት ማን ዶሮ ይዞላቸው እንደመጣ እያዩ ወራሽ የሚቀያይሩ። ሦስት ጊዜ አስጻፉት። በአራተኛው ሲመጡ «እሜቴ፣ ዶሮዋ ትውረስ?» ብሏቸው ተቀይመው ሄዱ።

ስንደዶ ነበረችው። የቄስ ተማሪ ፊደል የሚቆጥርባት የሣር ዘንግ ናት፣ ከካፖርቱ ደረት ኪስ አትወጣም። ኑዛዜውን ለአራቱ ምስክሮች ሲያነብ በዚያች ስንደዶ እያንዳንዱን ቃል እየነካ ነው። አንዱ ምስክር ካዛጋ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሁለት ነገር ደግሞ በየሳምንቱ ይነዘንዘኝ ነበር። አንደኛው፣ በኑዛዜው አንዳች የሚደርሰው ሰው ምስክር ሆኖ እንዳይፈርም ነው፤ ከፈረመ የተናዘዙለት ነገር ይቀርበታል። ሁለተኛው፣ ኑዛዜው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበቡ እዚያው ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ ኑዛዜው የለም። ቢነበብም የለም።

ሌላው ጸሐፊ ሁሉ «ተነበበ» የምትለዋን ቃል ገና ሳያነብ ከኑዛዜው ጋር አብሮ ጽፎ ይጨርሳል። መሪጌታ ግን «ገና ሳይነበብ ተነበበ ብሎ መጻፍ ውሸት ነው» ብሎ አሻፈረኝ ይላል። ከፊርማው በላይ የሁለት መስመር ባዶ ቦታ ይተዋል። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን እንደገና መኪናው ውስጥ ያስገባና ሁለቱን መስመር ይጽፋል። ከዚያ ነው ማንም የሚፈርመው። ሰው ቢቸኩል፣ ቢቆጣ፣ ግድ የለውም። ሲሞት ስንደዶዋ ለእኔ ደረሰችኝ፣ ልማዱም አብሮ።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ።

ጌጃ ሰፈር ጋሽ በላይነህ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ሚስታቸው ቀድማ ሞታለች፣ ልጅ የላቸውም። ያላቸው ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ከትንሽ ግቢ ጋር፣ በዓመት አንዴ ለፋሲካ ብቅ የሚል የወንድም ልጅ፣ እና ዓለምነሽ ናት። ዓለምነሽ በሃያ ዓመቷ ለሥራ ተቀጥራ ገብታ እዚያው ቀረች። ደመወዝ የሚባለው ነገር መቼ እንደቆመ ሁለቱም አያስታውሱም። አባባ ነው የምትላቸው። ስኳሩ እግራቸውን ሲይዛቸው እያጠበች፣ ሐኪም ቤት በሸክም እያመላለሰች፣ የማታ ትምህርት እየተማረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረች።

አንድ ቀን ልከውብኝ መኪናዬን ተሸክሜ ሄድኩ። ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው። ሦስቱንም ጊዜ አንድ ነገር ነው ያሉት። «ቤቴ የዓለምነሽ ነው። እኔ ስሞት ውጪ እንዳይሏት።»

ዓለምነሽን ጓዳ አስገባኋት። አራት የእድር ሰዎች ተጠርተው መጡ። በስንደዶዬ እየነካሁ አነበብኩ። የሟች ሚስታቸው ስም ላይ ስደርስ ጋሽ በላይነህ አለቀሱ፣ ሳግ ያዛቸው፣ ትንፋሽ አጠራቸው። የእድሩ ዳኛ በበኩሉ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ለካ የዚያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀብር አለባቸው። «በል እንጂ ታደሰ፣ ሬሳው ሊወጣ ነው፣ የት እንፈርም?» አለኝ። እኔም ይፈርሙና ሁለቱን መስመር በኋላ አስገባለሁ ብዬ ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። ፈርመው ሮጡ። ሽማግሌውን ከዓለምነሽ ጋር ደግፈን አልጋ ላይ አወጣናቸው። ወረቀቱን አጠፍኩና «እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂው» ብዬ ሰጠኋት። ሁለቱ መስመር ከጭንቅላቴ ጠፍቶ ነበር። ጭራሽ ጠፍቶ።

ጋሽ በላይነህ ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ኖሩ። ስምንት ወር ሙሉ! በዚያ ቤት በር ያላለፍኩበት ሳምንት የለም። አንዳንዴም ገብቼ እጠይቃቸው ነበር። የወረቀቱ ግልባጭ መሳቢያዬ ውስጥ ተኝቷል። አንድ ቀን አውጥቼ ባየው ኖሮ በግማሽ ሰዓት ይስተካከል ነበር።

አርባቸው እንደወጣ ዓለምነሽ የወራሽነት ማመልከቻ ላጽፍ ብላ መጣች። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ። «ይኸው ጋሼ፣ እንደሰጡኝ አለ። ማንም አልነካውም» አለችኝ። ፊቷ ላይ ኩራት ነበር። ገለጥኩት። ከፊርማዎቹ በላይ ባዶው ቦታ ፍጥጥ ብሎ አየኝ።

«ከሰዓት ነይ» አልኳት።

ምሳ ሰዓት ነው፣ ሰው የለም። ወረቀቱን መኪናው ውስጥ አስገባሁት። መስመሩን ከመስመሩ ጋር አስተካከልኩ። ያው መኪና፣ ያው ፊደል። የምጽፈው ነገር ደግሞ እውነት ነው፤ ተነቧል፣ አራቱም ሰምተዋል። ጣቴን ቁልፉ ላይ አደረግሁ። እንዲያ ሆኜ ብዙ ቆየሁ። ከተፈረመ በኋላ ወረቀት ላይ መጨመር ምን እንደሚባል አውቃለሁ፣ ስንት ሰው በዚህ ሲታሰር ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የመሪጌታ ድምፅም ጆሮዬ ላይ ነበር። እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ፦ ያቆመኝ ታማኝነት ነው ወይስ ፍርሃት? ፍርሃቱ የሚበልጥ ይመስለኛል። ወረቀቱን ሳልነካው አወጣሁት። ከሰዓት ስትመጣ ማመልከቻዋን ጽፌ ሁለቱንም ሰጠኋት። ስለ ባዶው ትንፍሽ አላልኩም። ምናልባት አያዩት ይሆናል ብዬ፣ ጅል!

የወንድምየው ልጅ ጠበቃ ይዞ መጣ። ጠበቃው የተናገረው ሁለት ዐረፍተ ነገር አይሞላም፤ ኑዛዜው መነበቡን አይገልጽም አለና ተቀመጠ። ምስክሮቹ መጥተው መነበቡን ተናገሩ። ዳኛዋ ወረቀቱን አንስታ ባዶውን ቦታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ቢነበብም መነበቡ በኑዛዜው ላይ አልሰፈረም ብላ ፈረሰ አለች። ሕጉ ያው ነው፣ እሷን አልወቅስም። ይግባኙም አልሆነም።

ውጪ ስንወጣ ዓለምነሽ ደረጃው ላይ ቆመች። «ተነቦ የለም እንዴ ጋሼ? እኔ ጓዳ ሆኜ ሰምቼ የለም? አባባ ሲያለቅሱ ሰምቼ የለም?»

ያኔ ነገርኳት። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ ወረቀቱን ይዛልኝ የመጣች ቀን ባዶውን ማየቴን፣ ዝም ማለቴን። ምን ይዞኝ እንደነገርኳት እንጃ። ምናልባት እንድትሰድበኝ ፈልጌ ይሆናል። አልሰደበችኝም። ብዙ አየችኝና «አይተህ ዝም አልክ?» አለች። እርስዎ ማለቷ እዚያው ቀረ። ከዚያ ቤት በወሩ ወጣች። የወሰደችው አልጋዋን ብቻ ነው።

ኪራይ ቤት ከኪራይ ቤት ስትዞር ቆይታ በመጨረሻ ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍና ሻማ መሸጥ ጀመረች። እኔ ደግሞ በዚያ በር መሳለም ተውኩ። ዞሬ በሌላኛው በር እገባለሁ። አስካለ ምክንያቱን ታውቅ ነበር፣ «ሂድና እግሯ ላይ ውደቅ» ትለኝ ነበር። እሷ እስክትሞት ድረስ አልሄድኩም። ሥራ እያለኝ ለመሸሽ ይመቻል። ጃንጥላው ሥር ሰው አለ፣ ጉዳይ አለ። ቤት ስገባ፣ አራት ግድግዳ ሲቀረኝ ግን፣ ያቺ ባዶ ቦታ ከእኔ ጋር ትቀመጣለች። ከሌላ ሰው ጋር ስለማልኖር እሷው ናት የቤቴ ሰው።

አምና አንድ ጠዋት እግሬ ራሱ ወሰደኝ። ዓለምነሽ መደቧ ላይ ተቀምጣለች፣ ጸጉሯ ሸብቷል። አወቀችኝ። ጧፍ ጠየቅኳት። «ስንት?» አለች። ሁለት አልኳት። ሰጠችኝ፣ ዋጋውን ተቀበለችኝ፣ አበቃ። ከዚያ በየእሁዱ ከእሷ መግዛት ጀመርኩ። ሳምንቱን ሙሉ ከሰው የምለዋወጠው ቃል «ስንት?» እና «ሁለት» ሆነ። ቤቴ ውስጥ ግድግዳ ሥር ያልበራ የጧፍ ክምር አለኝ።

ያን ጊዜ ቆረጥኩ። ይቺ ቤቴ ወራሽ የላትም። እኔ ስሞት ለዓለምነሽ ትሆናለች። ኑዛዜዬን ራሴ እጽፋለሁ፣ በዚያችው መኪና፣ በአራት ምስክር። ሲሳይ ይህን ሲሰማ «ጋሼ፣ ሰነድ ማረጋገጫ ቢሄዱ እኮ በሁለት ምስክር ያልቃል» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። እሱ የሚያውቀውን እኔ ያጣሁት ይመስል! ያበላሸሁት ባለአራቱን ነው፣ የማቃናውም ባለአራቱን ነው።

አራት ሰው ማግኘት ግን ቀላል መስሎኝ ነበር። ለስንቱ ሰው ምስክር ፈልጌ ሰጥቻለሁ። ወረቀት አውጥቼ የማውቀውን ሰው ስም ጻፍኩ። ከጻፍኩት የሚበዛው የሞተ ነው። እንደምንም ሲሳይን፣ የግቢያችንን ጥበቃ አያሌውን፣ ጎረቤቴን ወይዘሮ ብርቄን አገኘሁ። አራተኛው ከአጠገቤ ጃንጥላ የነበረው የድሮ ባልደረባዬ ከበደ ነበር።

ዓለምነሽንም እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቴ ነይ፣ ጉዳይ አለኝ አልኳት።

«የምን ጉዳይ?»

«የወረቀት።»

«ከአንተ ጋር የወረቀት ጉዳይ ጨርሻለሁ» አለችኝ። ግን መጣች። ለምን እንደመጣች አልጠየቅኋትም። ጧፏን በዘንቢል ይዛ በሩ ሥር ቆመች፣ ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች።

ሦስት ቀን ሙሉ በሚንቀጠቀጥ ጣት የጻፍኩት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነው። ሦስቱ ተቀምጠዋል። ከበደ ደወለ። «ታዴ፣ ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም አለኝ፣ ይቅርታ» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁና ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። በዚህ ሁሉ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው አጣሁ።

ዓለምነሽ ከበሩ ሥር ሆና «ምንድነው የጎደለው?» አለች።

«አንድ ፈራሚ።»

«ታዲያ እኔ አለሁ አይደል? አምጣው ልፈርም።»

«አንቺ አትፈርሚም» አልኳት። ድንጋጤዬ እንደ ቁጣ ወጣ።

ፊቷ ተለዋወጠ። «ለመፈረምም አልበቃም? ያኔም ጓዳ ግቢ ነው ያልከኝ። ዛሬ ደግሞ በር ላይ ገትረህ ለምስክርነት አትሆኚም ትለኛለህ? ለምንድነው የጠራኸኝ?»

«ዓለምነሽ፣ በማርያም፣ ሰው ፈልገሽልኝ ነይ። አንድ ሰው ብቻ።»

በሩን አላግታው ወጣች። ሄደች አልኩ። ወይዘሮ ብርቄ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች፣ አያሌው ኮፍያውን ያሽከረክራል። ሩብ ሰዓት ያህል ሆነ። ከዚያ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ዓለምነሽ ሎተሪ አዟሪውን ሽመልስን በክንዱ ይዛ እያስገባችው ነው።

«ከቤተ ክርስቲያኑ በር ነው ያመጣሁት። መታወቂያ አለው» አለች፣ ተመልሳም እዚያው በሩ ሥር ቆመች። የመሪጌታ ልማድ ባይፈቅድም ዳግመኛ ጓዳ ግቢ ልላት አልደፈርኩም።

ስንደዶዋን አወጣሁ። እየነካሁ ማንበብ ጀመርኩ። ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ አእምሮዬ ጤናማ መሆኑን። ከዚያ «በልደታ ኮንዶሚኒየም የሚገኘውን መኖሪያ ቤቴን፣ ከሞትኩ በኋላ ለወይዘሮ ዓለምነሽ» ስል፣ ዘንቢሉ ከእጇ ሲወድቅ ሰማሁ። ቀና ብዬ አላየኋትም። እንባዬ እየወረደ እንደምንም እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

«እግዜር ይስጥዎት ጋሽ ታደሰ፣ እንዴት ያለ ነገር ነው!» አለ ሽመልስ ተነስቶ። «የት ጋ ልፈርም? ሎተሪዬን ለሰው አደራ ብዬ ነው የመጣሁት።»

እስክሪብቶውን ዘረጋሁለት። እሱም ተቀበለኝ፣ ጎንበስ አለ።

«ማንም እንዳይፈርም!»

ዓለምነሽ ናት። ከበሩ መጥታ መዳፏን ወረቀቱ ላይ አሳርፋለች። ፊቷ በእንባ ርሷል፣ ዓይኗ ግን ከፊርማው ቦታ በላይ ያለውን ባዶ ላይ ተተክሏል። አየሁት። እግዚኦ! ዳግመኛ ረስቼው ነበር።

ወረቀቱን መኪናው ውስጥ አስገባሁ። ጣቴ እየተንቀጠቀጠ አንዷን ፊደል ሁለት ጊዜ መታኋት፣ ከዚያ ቀስ እያልኩ ሄድኩ። ዓለምነሽ ከጀርባዬ ቆማ ትጠብቃለች። ሽመልስም ተመልሶ ተቀመጠ። ጨርሼ ወረቀቱን ሳወጣው ስንደዶዋን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና ሁለቱን መስመር ቃል በቃል እየነካች፣ ጮክ ብላ አነበበች።

«ይህ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ተፈርሟል።»

ቀኑንም አነበበች። ከዚያ እስክሪብቶውን ከሽመልስ እጅ ወስዳ ለእኔ ሰጠችኝ።

«አሁን ይፈርሙ፣ ጋሼ» አለችኝ።